አሥራ አራተኛው ጉድጓድ

ካፒታኖ ቤልትራሚ ቡታጅራን ሊያቃና የመጣው በ1930 ዓ.ም. በመስከረም ነው። ቡታጅራ ጠማማ መሆኗን ያወቅነውም ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን በገመድ ለካ። ገመዱ የሀጂ ሙሀመድሰይድን አጥር በመሐል ሲቆርጠው አጥሩ እንዲፈርስ አዘዘ፤ ገመዱ ዘወር ይበል ማለት ለሱ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ወደ ዓርብ ገበያ ዞረ። በኛ ገበያ ሰው የሚቀመጠው በሰፈሩ ነው። ቅቤ ሻጯ ከጎረቤቷ ከበርበሬ ሻጯ ጎን ትሆናለች፤ አንዷ ለጉዳይ ብድግ ስትል ሌላዋ ዕቃዋን ትጠብቅላታለች። ካፒታኖው ይህን ሲያይ ራሱን ያዘ። ቅቤ ከቅቤ፣ ጨው ከጨው፣ ዶሮ ከዶሮ ጋር በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ይቀመጥ አለ። ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዓርብ ግማሹ ገበያ ወንዝ ተሻግሮ እንደ ድሮው በጠማማው መነገድ ጀመረ። ካፒታኖው ግን አልከፋውም፤ የቀሩት ቀጥ ብለው ነበርና።

እኔ አሚኑ አስተርጓሚው ነበርኩ። ምጽዋ ወደብ ስድስት ዓመት ጆንያ ተሸክሜ ጣሊያንኛና የማይለቅ ሳል ይዤ ነው የተመለስኩት፤ ከሁለቱ የበለጠ የጎዳኝ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም። ከኋላዬ ባንዳ ይሉኛል፣ ፊት ለፊት አለኝታችን ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ነበር። ካፒታኖው «እነዚህ እንስሶች» ሲል እኔ «ሕዝቡ» እላለሁ፤ ሽማግሌዎቹ «አላህ ይንቀለው» ሲሉ እኔ «ረጅም ዕድሜ ይመኙልዎታል» እላለሁ። አገሩ በሰላም ውሎ የሚያድረው በኔ ማለስለስ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰው ለሚበላው እንጀራ ምክንያት አያጣም።

ካፒታኖው ወታደር ከመሆኑ በፊት ግብፅ አገር ሦስት ዓመት የጥንት መቃብር ሲቆፍር ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦኝ ስለዚያ ያወራኛል። ሌላ ሰሚ አልነበረውም። የአስካሪ ወታደሮቹ አለቃ ሹምባሹ ያንቀላፋበታል፤ እኔ ግን ደመወዝተኛ ነኝ። የጥንት ግብፆች ሥርዓትን በሴት አምላክ መስለው፣ ራሷ ላይ የሰጎን ላባ ሰክተው ይስሏት ነበር አለኝ። ስሟ ማአት ነው፤ ለኛ ጆሮ ስለማይጥም እሱን እንለፈው። ሰው ሲሞት ልቡ በሚዛን ከላባዋ ጋር ይመዘናል። ከከበደ አውሬ ይበላዋል፣ ከቀለለ ይጸድቃል። ፀሐይ ደግሞ የምትሄደው በጀልባ ነው። በየሌሊቱ አንድ ትልቅ እባብ ሊውጣት ይነሳል፤ ጀልባዋ ላይ ያሉት ተዋግተው ያሸንፉታል፤ በማግስቱ እባቡ እንደገና ይነሳል። ሥርዓት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፣ ዕለት ዕለት መሠራት አለበት አለኝ።

ይህችን ወደድኩለት። ቤት የጠረገች ሴት ሁሉ የምታውቃት ነገር ናት። የካፒታኖው ስሕተት፣ እሱ ጀልባው ላይ እንደተቀመጠ፣ እባቡ ደግሞ እኛ እንደሆንን ማመኑ ነበር። በሚጽፈው ወረቀት ሁሉ አናት ላይ ትንሽ ላባ ይስላል። የሀጂን አጥር ያስፈረሰው ወረቀትም ላባ ነበረበት።

ኅዳር ላይ ከበላይ የጤና ትእዛዝ መጣ። በከተማ ውስጥ ብስባሽ ያለበት ጉድጓድ ሁሉ ተቆፍሮ በላምባና በኖራ ይጥፋ የሚል ነው። ብስባሽ የተባለው ቆጯችን ነው። እንሰቱ ተቆርጦ፣ ተፍቆ፣ በቅጠሉ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቀመጣል። ይሸታል፤ እኔ አይሸትም አልልም። ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሽታ ነው። በጣሊያኖቹ ሰፈር ዙሪያ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያላቸው አሥራ አራት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የኔው የራሴ ነው። የስሙ ዝርዝር ሲሠራ ግን አንደኛ የወጣችው አክስቴ ሳሌሃ ናት፤ ነፋሱ ከሷ ጓሮ ቀጥታ ወደ ካፒታኖው መስኮት ስለሚነፍስ።

ሳሌሃ የአባቴ እኅት ናት። እናትና አባቴን በአንድ ክረምት ሳጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በጉድጓዱ ውስጥ የአሥራ አንድ እንሰት ቆጮ ነበራት። የዚያን ዓመት በቆሎው ተበላሽቷል፤ ላሟን ወታደሮች ወስደዋታል፤ ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ባሏ የሞተባት ልጇና ሁለት የልጅ ልጆቿ የሚበሉት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ክረምትን አያዩም፤ ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ንገረው አለችኝ። አይሰማኝም አልኳት።

«ከማን ጉድጓድ በልተህ ነው ይሄን ያህል የረዘምከው?» አለች።

ሄጄ ነገርኩት። ምግብ ነው ስለው ሳቀ፤ የበሰበሰ ነገር ምግብ አይባልም አለ። ደግሞ ያን ቀን ደስ ብሎት ስለነበር አንድ ሥዕል አውጥቶ አሳየኝ። ፊቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ሰውነቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰው ነው። ኦሲሪስ ይባላል፣ የግብፅ ንጉሥ ነበር አለኝ። ወንድሙ ቀንቶበት ገደለው፣ አሥራ አራት ቦታ ቆራርጦ በአገሩ ሁሉ በተነው። ሚስቱ ኢሲስ እየዞረች ለቀመችው፤ ጠቀለለችው፤ ባገኘችበት ቦታ ሁሉ መቃብር ሠራችለት። እሱም ከመሬት በታች ሆኖ እህል እየሆነ ይበቅላል። ከመበታተን ሥርዓት፣ ከሞት ሕይወት ወጣ ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ነበር፤ ነፋሱ ከሳሌሃ ጓሮ ይነፍስ ነበርና።

ሌላ የምወስድላት ነገር ስላልነበረኝ ተረቱን ወሰድኩላት። ሳሌሃ ከጎረቤቷ ከወለተ ሐና ጋር እንሰት ትፍቅ ነበር። ወለተ ሐና የክስታኔ ሰው ናት፣ ክርስቲያን፤ ከአክስቴ ጋር በጾምና በበዓል ካልሆነ በምንም አይለያዩም። ሁለቱም እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ ተያዩ።

«ይሄ እኮ ቆጮ ነው» አለች ሳሌሃ።

ወለተ ሐና ቀጠለችበት። ችግኝ ስናፈላስ የእንሰቱን ሥር ቆፍረን እናወጣለን፣ ልቡን ፍቀን እናወጣበታለን፣ ሰንጥቀን እንቀብረዋለን፤ ከዚያ ከሞተው ላይ ሠላሳና አርባ ቡቃያ ይነሳል አለች። ያ ንጉሥ የተባለው ሰውዬ እንሰት ሳይሆን አይቀርም አለች። ሚስትየዋ ደግሞ እንደኛው ሠራተኛ ናት ስትል ጨመረች። ሦስታችንም ጉድጓዶቹ ስንት እንደሆኑ እናውቅ ነበር።

ጉድጓዶቹ የዚያ ንጉሥ መቃብር ናቸው ብንለውስ የሚለው ሐሳብ ሀጂ ሙሀመድሰይድ ዘንድ ቀረበ። ሀጂ በሰፈሩ ውስጥ ቃላቸው የሚደመጥ ሽማግሌ ናቸው፤ አጥራቸው ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ቃላቸው ከበፊቱም ይሰማል። ሐሳቡን አልወደዱትም። በስተርጅናዬ የጣዖት መቃብር ጠባቂ ልታደርጉኝ ነው ወይ አሉ። ሌላው ሽማግሌ፣ አቶ ወልደማርያም፣ እሳቸውም በበኩላቸው ታቦት ባለበት አገር አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ሀጂ ነገሩን ፈቱት።

«የምንሠራውን ብቻ ንገረው» አሉኝ። «መቁረጡን፣ መጠቅለሉን፣ መቅበሩን፣ ማውጣቱን። አንዲት ውሸት አትጨምር። ስሙን እሱ ያውጣለት።»

እንዳሉት አደረግሁ። ቆርጠው ይጠቀልላሉ፣ ይቀብራሉ፣ የቀበሩት ይነሳል፣ ሥራው የሴቶች ነው፣ ጉድጓዶቹ አሥራ አራት ናቸው አልኩት። ካፒታኖው ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ነጣ። አሥራ አራት መሆናቸውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ባርኔጣውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ ወደ ሳሌሃ ጓሮ እየሮጠ ሄደ።

ሳሌሃ ድንጋዩን አነሳችለት፤ ኮባውን በየተራ ገለጠችለት። ነጩ ነገር ተጠቅልሎ ሲወጣ ካፒታኖው ተንበረከከ። ለሁለት ወር አፍንጫው ላይ የኖረው መሐረብ ኪሱ ገባ። የግብፅ ምሥጢር ዓባይን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ እዚህ ተደብቆ ኖሯል አለ። ሊሆን ይችላል አልኩ። በማግስቱ በአሥራ አራቱም ጉድጓድ ላይ ላባ የተሳለበት ሳንቃ ተተከለ፤ መቆፈር ክልክል ነው የሚል። በአሥራ አራቱም ላይ አስካሪ ቆመ።

መቆፈር ክልክል ከሆነ መብላትም ክልክል ነው። ይህን ያሰበ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ለሁለት ቀን ሰዉ በታጠቀ ዘብ የተጠበቀ ምግቡን እያየ ተራበ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ፣ ኮባው እየደረቀ ስለሆነ ሴቶቹ በየጊዜው መቀየር አለባቸው፣ የአገሩ ልማድ ነው አልኩት። ይህም እውነት ነው፤ ካልተቀየረ ይበላሻል። ካፒታኖው ፈቀደ፣ መፍቀድ ብቻ አይደለም፣ ልማዱን በዓይኑ ሊያይ መጣ። ሳሌሃ አሮጌውን ኮባ አውጥታ አዲሱን ስታለብስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ይጽፍ ነበር። በአሮጌው ኮባ ውስጥ የሳምንት እራት ተጠቅልሎ ሲወጣ አስካሪው ጠብመንጃውን ቀጥ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ከቸሃ እስከ መስቃን ቆጮ እንዲህ ባለ ክብር ወጥቶ አያውቅም።

ሰባት ሳምንት በዚህ ሁኔታ ኖርን። ሴቶቹ ለመደባቸው፤ ወለተ ሐና አስካሪው ሰላምታ ሲያዘገይ እስኪሰጣት ድረስ ቆማ ትጠብቀዋለች። እኔም ሰፈሩን ያዳንኩ መስሎኝ አረማመዴ ተለውጦ ነበር። ባለቤቴ ሳፊያ፣ ደረትህን ትንሽ መልሰው አለችኝ።

ጥር ላይ ካፒታኖው አስጠራኝ። ሮም ላሉ ምሁራን ስለ አሥራ አራቱ መቃብር የሚልከውን ጽሑፍ እየጨረሰ ነበር። መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ። ስሕተት አግኝቷል። ኢሲስ የባሏን አካል ስትለቅም ያገኘችው አሥራ ሦስቱን ብቻ ነው፤ አንዱን ዓሣ ውጦታል። ስለዚህ መቃብሮቹ አሥራ አራት ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ደግሞ በሌላ በኩል ከበላይ የጤናው ትእዛዝ ምን ደረሰ ተብሎ ተጠይቋል። ካፒታኖው ሁለቱን ነገር በአንድ ወረቀት አስማምቶታል። የተገኙ ጉድጓዶች አሥራ አራት፣ ቅርስ አሥራ ሦስት፣ የተደመሰሰ አንድ። ይህን ሲያነብልኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እስከ ሐሙስ ሐሰተኛው የትኛው እንደሆነ መጥተህ ትነግረኛለህ አለ።

አንዱም ሐሰተኛ አይደለም አልኩት። ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ወይ አለኝ። መልሼ ዓሣው የዋጠው የትኛውን አካል እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ባልጠየቅሁ አልኩ።

አሥራ አራቱም ቤት ሀጂ ግቢ ተሰበሰበ። የቀረችውን አካል ስም ንገረን ተባልኩ። አክስቴ ፊት ለፊቴ፣ ሀጂ በቀኜ ተቀምጠዋል። አሳለኝ፤ ይሄ ሳል አንዳንዴ ይጠቅማል። ከዚያ፣ ወንድ ልጅ ሊያጣው የማይወደው ነገር ነው አልኩ። ወለተ ሐና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ያለዚያ ካስነሳችው ሴትየዋ ጎበዝ ናት አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አቶ ወልደማርያም እንኳ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ፤ አንድ ጉድጓድ መጥፋት እንዳለበት ሁላችንም አስታወስን።

አንዱ፣ በሥውር አውጥተን ባዶውን ብንሰጠውስ አለ። አይሆንም፤ ካፒታኖው የየአንዳንዱን ጥልቀት ለክቶ፣ ያለውን ስሎ ይዟል፣ ዘቡም ቀንና ሌሊት አይነሳም። ሌላው፣ ለካፒታኖው ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ብለን ብንነግረውስ አለ። ያን ጊዜ አሥራ አራቱም ይቆፈራሉ። ዝርዝሩ እጄ ላይ ነበር። ሰዉ ወረቀቱን ያያል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የኛ ጉድጓድ አሥረኛው ነው። ደመወዝ የምበላ፣ ሌላው ቢጠፋ የማልራብ በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ አንድ ነበርኩ። የኔን ውሰዱ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ በሁለት ቋንቋ አውቃቸዋለሁ፣ በአንዱም አልወጡልኝም። ሀጂ በመጨረሻ ዕጣ ይጣል አሉ።

ሳሌሃ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ዕጣ አያስፈልግም» አለች። «ቆጮ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የኔን ይቆፍር።»

አፈርኩ፤ ያንን ማፈር እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ሐሙስ ጠዋት አስካሪዎቹ አካፋ ይዘው መጡ። ሳንቃውን ነቀሉት። ለሰባት ሳምንት ሰላምታ የሰጡትን ጉድጓድ ገለበጡት፤ ቆጮው ላይ ላምባ አፈሰሱበት፣ ኖራ ነሰነሱበት። ካፒታኖው ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ሳሌሃ አላለቀሰችም። እጇን አጣጥፋ አየችው፤ ሲያልቅ ወደኔ ዞረች። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ እንደለመድከው ሳታለሳልስ አለችኝ።

«ያ የቆራረጠው ወንድምየው፣ መጨረሻው ምን ሆነ?»

አንድም ቃል ሳልነካ አስተረጎምኩ። ካፒታኖው ጥያቄውን ወደደው፤ ከአንዲት የቡታጅራ ሴት አልጠበቀውም ነበር። አልገደሉትም አለ። አማልክቱ ጉልበቱን አይተው የፀሐይዋ ጀልባ ፊት ላይ አቆሙት፤ እባቡን በጦር የሚወጋው እሱ ነው። ብጥብጥም ቢሆን ሥራ ከተሰጠው ሥርዓትን ያገለግላል፤ የግብፆች ጥበብ እዚህ ላይ ነው አለ። ይህንንም አንድ ሳላጎድል ነገርኳት። ሳሌሃ በኖራ የነጣ ቡትስ ጫማውን አየችው፣ አካፋዎቹን አየች፣ ቀስ ብላም ወደ ፊቱ ቀና አለች።

«ታዲያ እስካሁን ሥራ ላይ ነዋ» አለች።

ምን አለች አለኝ ካፒታኖው። በአስተርጓሚነት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማለስለስ ቃል አልፈለግሁም። ያለችውን እንዳለችው ነገርኩት። ካፒታኖው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው። በነዚህ ሰዎች ዘንድ እምነቱ ዛሬም ሕያው ነው አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ከሳንቃዎቹ አንዱ የወለተ ሐና የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆነ። ያ ሁሉ ግን በኋላ ነው።

ያን ሐሙስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የኮባ መቀየሪያ ቀን ነው ተብሎ አሥራ ሦስቱም ሴቶች ጉድጓዳቸውን ከፈቱ። ማንም ማንንም አላዘዘም። የሰፈሩ ሕግ ነው፤ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ላሙ ለሞተችበት እያንዳንዱ ከራሱ ያነሳል። ሳፊያ ትልቅ ቆጮ ጠቅልላ አስቀምጣልኝ ነበር። አሥራ ሦስት ቤት ከሰጠ የኛ ይህን ያህል መብዛት የለበትም ብዬ አሰብኩ፤ አስልቼ ነበር። ሳፊያ ጓሮ ሳለች ፈታሁት፣ ከላዩ ቀነስኩ፣ መልሼ ቋጠርኩት።

ሳሌሃ ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያስቀምጣሉ። እሷም እያንዳንዱን አንስታ በመዳፏ ትንሽ ታቆየዋለች፣ የሰጪዋን ስም ትጠራለች፣ አላህ ይስጥሽ ትላለች፣ ለወለተ ሐና ደግሞ እግዜር ይስጥሽ። ተራዬ ደረሰ። የኔንም አነሳችው። ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርጋ ያዘችው። ቁጡ አልነበረችም። እንዲያው ልጅ ሳለሁ ትኩሳቴን ስትለካ የምታየኝን አስተያየት አየችኝ።

«ያንተ ቀለለ፣ አሚኑ» አለች።

በግብፅ አገር የቀለለ ይጸድቃል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥቅሉን ከእጇ ተቀበልኩ፣ ቤቴ ተመለስኩ፣ ጨመርኩበት።